የፕላስ ሄንዌርን ተሟጋች

መርዕድ ማኑሄ ዌልስን በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ይህ ግን የዌልስን ርስት ማን መውረስ እንደነበረበት ከመፍረድ አላገደውም።

ሥራው ወንበር ላይ መቀመጥ ነው። እንግሊዞች ለዚህ ሥራ አፍ የሚሞላ ስም አውጥተውለታል፤ ሲጠቃለል ግን መርዕድ ለንደን ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ሙዚየም፣ በአንድ አዳራሽ በር ላይ ተቀምጦ ሰው እንጨት እንዳይነካ ይጠብቃል። እንጨቱ ተራ እንጨት አይደለም። በሰሜን ዌልስ ሸለቆ ውስጥ አምስት መቶ ዓመት ቆሞ የፈረሰ፣ ፕላስ ሄንዌርን የሚባል የባላባት ቤት አዳራሽ ነው። ቤቱ ሲፈርስ አንድ የለንደን ሀብታም አዳራሹን እንደ አልጋ አስፈታትቶ፣ ምሰሶ ምሰሶውን ቁጥር አስለጥፎ አመጣው፤ ሲሞት ደግሞ ለሙዚየሙ ተናዘዘው። እዚህ አገር እንዲህ ነው። ቤቱን አፍርሰው ካበቁ በኋላ ማንም እንዳይነካው ዘበኛ ይቀጥሩለታል።

ሚስቱ አልታየሽ ፓርክ ሮያል፣ ሳንድዊች ፋብሪካ ውስጥ ትሠራለች። «እኔ ቆሜ እውላለሁ፣ አንተ ተቀምጠህ ትውላለህ» ትለዋለች ማታ ጫማዋን እያወለቀች። «ሁለታችንም ግን ደክሞን ነው የምንገባው። እስቲ ይሄን አስረዳኝ።»

«መቀመጥ ያደክማል፣ አልቱ።»

«እንጨቱስ? እሱም ደክሞት ይሆናል።»

አዳራሹ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያስደነግጣል። ጥንድ ጥንድ የኦክ ግንዶች ከመሬት እንደ ቀስት ጎብጠው ይነሱና ጣሪያው ጫፍ ላይ ይገናኛሉ። እያንዳንዱ ጥንድ ከአንድ ዛፍ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። ስለዚህ ዛፉ መሬት ላይ ከራሱ ተለያይቶ፣ ሰማይ አጠገብ ሲደርስ ተመልሶ ከራሱ ጋር ይታረቃል። መርዕድ ይህን የተረዳ ቀን ሳምንቱን ሙሉ ሌላ ወሬ አላወራም። ጣሪያው በጥላሸት ጠቁሯል፤ ቤቱ መጀመሪያ ሲሠራ ጭስ ማውጫ ስላልነበረው እሳቱ መሐል ወለል ላይ ሲነድ፣ ጭሱ በክዳኑ ሲሾልክ ኖሯል። እንግሊዛውያን ጎብኚዎች ይህን ሲሰሙ «ምስኪኖች፣ እንዴት ኖሩ!» ይላሉ። መርዕድ ግን «እንዴት ሞቋቸው ኖሯል!» ብሎ ይቀናል፤ ዊልስደን ያለው የእሱ ቤት የማሞቂያ ቦይለር ከተበላሸ ሁለተኛ ክረምቱን ይዟል፤ የቤቱ አከራይ ካውንስሉም ጉዳዩን በጥሞና እየተመለከተው ነው።

ቤቱ እንደተሠራ አልቀረም። የመሥራቹ የልጅ ልጆች ሲያልፍላቸው እንጨቱን ድንጋይ አለበሱት፤ ጭስ ማውጫ አወጡለት፤ አዳራሹን አጋማሹ ላይ ቆርጠው ፎቅ አደረጉት። ከዚያ መቶ ምናምን ዓመት ቆይቶ አንዱ ወራሽ ለንደን ሄደ፤ ሰው ሠራሽ ጸጉር ደፍቶ ተመለሰና በአባቶቹ ቤት አፈረ። ለንደን ደርሶ የመጣ ሰው በአባቱ ቤት ማፈሩ ለመርዕድ አዲስ ነገር አልሆነበትም። ሰውዬው አሮጌውን ቤት አላፈረሰም፤ ከፊቱ አዲስ ግንብ ለጠፈበት እንጂ። ነጭ፣ ቀጥ ያለ፣ መስኮቶቹ ግራና ቀኝ ወታደር መስለው የተሰለፉ። ችግሩ፣ ከኋላ ያለው ቤት ጠማማ ነው። ለመስኮት በተለካው ቦታ ላይ ምሰሶ ቆሞ ተገኘ። ምን ተሻለ? በሰሌዳ ላይ መስኮት ቀብተው ለጠፉበት። ጥቁር ቀለም፣ ነጭ ጠርዝ፤ ከሩቅ ሲያዩት መስታወት።

የዚያ ግንባር ፎቶ ከመርዕድ ወንበር ፊት ለፊት ተሰቅሏል። ልጁ ኤዶም አንድ ቀን ልትጠይቀው መጥታ አየችውና ሳቀች። «ዳድ፣ ይሄ እኮ ኢንስታግራም ነው። ያኔም ፌክ ያደርጉ ነበር።»

መርዕድን የማረከው ግን ግንቡም ምሰሶውም አይደለም። ከፎቶው ጎን የተሰቀለው የዘር ሐረግ ነው። ሪስ አፕ ሃዌል አፕ ኢቫን አፕ ግሪፊዝ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። «አፕ» ማለት «ልጅ» ማለት ነው፤ ሪስ የሃዌል ልጅ፣ ሃዌል የኢቫን ልጅ። የቤተሰብ ስም የሚባል ጣጣ የለም። መርዕድ ከተማሪነቱ ጀምሮ በዚህ አገር ሐኪም ቤትም ባንክ ቤትም «ሚስተር ማኑሄ» እየተባለ በአባቱ ስም ሲጠራ፣ አባቱ ከኋላው የቆሙ እየመሰለው ዞር ሲል የኖረ ሰው ነው። አሁን በሰው ግድግዳ ላይ ሰው የሚባል ዘር አገኘ።

«አልቱ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ የኛ ናቸው!» አለ ያን ቀን ቤት እንደገባ።

«እነማን?»

«ዌልሶች! አባት ይቆጥራሉ!»

«ይጾማሉ?»

«እሱን አላጣራሁም።»

«እንግዲያው ረጋ በል።»

አልረጋም። አባት የሚቆጥር ሕዝብ ካለ ርስት አለ፤ ርስት ካለ የተበደለ ወራሽ አለ። ይህን ከአባቱ ነው የተማረው። አባቱ አቶ ማኑሄ መንዝ ውስጥ፣ ድንጋይ ብቻ በሚያበቅል አንድ ኮረብታ ላይ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሟግተዋል። በእናታቸው በኩል ይቆጥራሉ፣ በአባታቸው በኩል ይቆጥራሉ፣ ባላጋራም ይቆጥራል። ቅድመ አያቶቻቸው በሕይወት ሳሉ የዚያን ያህል ተጠርተው አያውቁም። በመጨረሻ ጥር 1967 ዓ.ም. ላይ ተፈረደላቸው። ደገሱ። የካቲት ላይ ደርግ የገጠር መሬት ሁሉ የመንግሥት ነው ብሎ አወጀ። አቶ ማኑሄ አዋጁን በሬዲዮ ሰምተው ሲያበቁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁ። «መንግሥት የሚወርሰው በየትኛው አያቱ በኩል ነው?»



ልጃቸው እንግዲህ ወንበሩ ላይ ሆኖ የፕላስ ሄንዌርንን ጉዳይ መረመረ። ሪስ ሦስት ልጆች ነበሩት። በአያቱ ስም የተጠራው ትልቁ ሃዌል፣ ታናሹ ኤድኒቬድ፣ እና እህታቸው ማሬድ። በዌልስ በጥንቱ ልማድ ርስት እኩል ይካፈላል። ሪስ በሞተ ሰሞን ግን ከለንደን አዲስ ሕግ መጣ፤ ሁሉም ለበኩር ልጅ ይሁን የሚል። ሃዌልም «ሕግ ነዋ፣ ምን ላድርግ» ብሎ እያዘነ ሁሉንም ጠቀለለ። መርዕድ ፍርዱን ወዲያው ሰጠ። የኤድኒቬድ አንድ ሦስተኛ፣ የማሬድም አንድ ሦስተኛ ተበልቷል። በተለይ የማሬድ ነገር አንገበገበው። እህት ናት!

በዚህ ሁኔታ፣ ባላጋራ በሌለበት እየተሟገተ፣ ዳኛ በሌለበት እየፈረደ፣ በሰላም ይኖር ነበር፤ ሃሪየት ባትመጣ።

ሃሪየት አዲሷ የጎብኚዎች ስሜት ኃላፊ ናት። ጎብኚዎች ድሮ ስሜታቸውን ራሳቸው ይዘው ይመጡ ነበር፤ አሁን ኃላፊ ተሹሞለታል። «መርዕድ» አለችው፣ እየሳቀች፤ እዚህ አገር ሰው እየሳቀ ከመጣብህ ተጠንቀቅ። «አዳራሹ ላይ ካሜራ ልናስገባ ነው።»

«እኔስ?»

«ፓርክ ሮያል ባለው መጋዘናችን ቦታ አለ። የማታ ፈረቃ። በጣም ጸጥ ያለ ነው።»

«መቃብርም ጸጥ ያለ ነው» አለ መርዕድ በአማርኛ።

«ምን አልክ?»

«አስብበታለሁ አልኩ።»

«ወይም ደግሞ» አለች፣ ልቧ ራርቶ፣ «አዳራሹ ሕይወት ያስፈልገዋል። እሁድ ለጎብኚዎች አሥር ደቂቃ ንግግር አድርግ። ከወደዱህ ወንበርህ ላይ ትቆያለህ።»

መርዕድ ማታ ለሚስቱ ነገራት። አልታየሽ መጀመሪያ ቀለደች። «ፓርክ ሮያል ከሆነማ አብረን አውቶቡስ እንይዛለን።»

«አንቺ ስትወጪ እኔ ልገባ?»

ያኔ ፊቷ ተለወጠ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ትንሽ የቀረው ትዳራቸው ከዚያ በኋላ ፌርማታ ላይ ሊሆን ነው፤ አንዱ ሲወርድ ሌላው ሲሳፈር፣ በመስታወት እጅ እየተነሳሱ። «በል እንግዲህ» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የምታወራው ነገር እንደሆነ አታጣም። ለኔ የምታወራውን አውራላቸው።»

ኤዶም በስልክ አሠለጠነችው። «ዳድ፣ ሾርት አድርገው። ዴት አታብዛ። ፓሽን አሳያቸው።»

«ፓሽን ምንድን ነው?»

«ኦ ማይ ጋድ። በቃ የሚያንገበግብህን ነገር ንገራቸው።»

ይህን ባትለው ኖሮ!

እሁድ ደረሰ። መርዕድ የሙዚየሙን ኮት ለብሶ፣ በላዩ ላይ ኩታውን አጣፍቶ፣ የአባቱን ከዘራ ይዞ አዳራሹ መሐል ቆመ። ታዳሚው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ዝናብ ያስጠለላቸው ባልና ሚስት፣ ጥቂት ጡረተኞች፣ ከኋላ እጇን ያጣጠፈች ሃሪየት፤ ከፊት ደግሞ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው የተቀመጡ አንዲት ቀጭን አሮጊት። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ክቡራትና ክቡራን» አለ በእንግሊዝኛ። «ይህ ቤት የተሰረቀ ቤት ነው!»

ሃሪየት የታጠፈ እጇን ፈታች። ሙዚየም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ተብሎ አይነገርም።

መርዕድ ቀጠለ። ከአንድ ዛፍ ስለተሰነጠቁት ምሰሶዎች ተናገረ፤ ያም ምሳሌ መሆኑን ገለጠ። «አናጢው ዛፉን ለሁለት እኩል ከፈለ። ሁለቱም ጣሪያውን እኩል ተሸከሙ። የቤቱ ባለቤቶች ግን ከራሳቸው ምሰሶ መማር አቃታቸው! የሪስ ልጅ ሃዌል የወንድሙንና የእህቱን ድርሻ በላ። የበላ ሰው ደግሞ ዕረፍት የለውም። በድንጋይ ሸፈነው፤ ጉዱ ታየ። ዘሩ ነጭ ግንብ ለጠፈበት፤ አሁንም ታየ። መስኮት ቀባ! ለምን? ሌባ ከውጭ እንዲያዩት እንጂ ወደ ውስጥ እንዲያዩበት አይፈልግማ!»

«ይቅርታ» አሉ አሮጊቷ። «ሌባው ማን ነው ያልከው?»

«ሃዌል፣ ማዳም። እሱና ዘሩ በሙሉ።»

«እኔ ዘሩ ነኝ።»

አሮጊቷ ኔስታ ፕራይስ ይባላሉ። በፕላስ ሄንዌርን ከተወለዱት ሰዎች የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው፤ ብሪክስተን፣ የካውንስል ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። የንግግሩን ማስታወቂያ ያዩት ላይብረሪ ውስጥ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነው። የተወለዱበትን ቤት ሰው ሲያሞግሰው ሊሰሙ፣ ጥሩ ሹራባቸውን ለብሰው፣ ሁለት አውቶቡስ ቀይረው መጡ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይቅርታ ጠይቆ ይቀመጥ ነበር። ሃሪየትም ከኋላ ሆና በዓይኗ የምትለምነው ይህንኑ ነው። መርዕድ ግን ፊቱ በራ። ይህን ሁሉ ዓመት ከሙታን ጋር ሲሟገት ኖሮ፣ በመጨረሻ በሕይወት ያለ ባላጋራ እግዜር ላከለት። ኩታውን ወደ ትከሻው ወረወረ፤ ከዘራውን ወደ ፊት ዘረጋ።

«ይጠየቁ!» ብሎ ጮኸ በአማርኛ። ባላጋራም ቢሆኑ አሮጊት ናቸውና በአንቱታ ነው የጮኸው።

«ምን ማለት ነው?»

«በአገሬ ሁለት ሰው ሲካሰስ እንዲህ ብሎ ይጀምራል። እርስዎ ይመልሳሉ። የተረታው ማር ይከፍላል።»

ኔስታ አሰቡበት። «ምን ዓይነት ማር?»

«ንጹሕ።»

«ጥሩ» አሉና ምርኩዛቸውን እነሱም ዘረጉ። «ዳኛውስ?»

በመንዝ ልማድ ባላጋሮች ሲስማሙ መንገድ ላይ ያገኙትን ሰው ዳኛ ያደርጋሉ። መርዕድ ወደ በሩ ዞረ። በዚያች ቅጽበት አንድ ወፍራም ሰው፣ ዝናብ የመታው፣ አንገቱን ወደ ውስጥ አስገብቶ ዙሪያውን ይቃኛል።

«አንተ! ዳኛ ነህ!»

«እኔ እንኳን ሽንት ቤት ነበር የምፈልገው» አለ ሰውዬው።

«ከፍርዱ በኋላ!»

የሰውዬው ፊት ላይ የታየው ነገር ጭንቀት ነበር፤ ታዳሚው ግን ትወና መስሎት አጨበጨበ። ዳኛው እግሩን አጣምሮ ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር በፍጥነት እንዲሆን ፈለገ።

መርዕድ ከዘራውን ወለሉ ላይ እየመታ ተሟገተ። «ሪስ የሃዌል ልጅ፣ ሦስት ልጅ ወልዷል! ሃዌልን፣ ኤድኒቬድን፣ ማሬድን! በአንድ ማዕድ አሳድጓል! የለንደን ሕግ መጣ ብሎ ወንድም ወንድሙን ይነቅላል? ይመልሱ!»

«ኤድኒቬድ ወፍጮ ተሰጥቶታል» አሉ ኔስታ። «ወፍጮውንም ጠጣው።»

«ምስክር አለዎት?»

«ሁሉም ሞተዋል።»

«እንግዲያው ምስክር የለዎትም!»

«አንተስ?»

ታዳሚው ሳቀ። ዳኛው ክብደቱን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው አዛወረ።

«ኤድኒቬድን እንተወው» አለ መርዕድ ሰፋ ባለ ልብ። «ማሬድስ? የእህት ድርሻ! በጥንቱ በራሳችሁ ሕግ፣ ለንደን ሳያበላሽባችሁ በፊት፣ እኩል አልነበረም? የማሬድ ልጆች የት አሉ? አንድ ሦስተኛውን ምሰሶ ያምጡ!»

ይህ የመጨረሻው ቀስቱ ነበር። ለዓመታት ሲስለው የኖረው።

ኔስታ በዝግታ ብድግ አሉ። «ልጄ» አሉ። «በጥንቱ ሕጋችን መሬት የሚካፈሉት ወንዶች ልጆች ብቻ ናቸው። ሴት ልጅ መሬት አትወርስም ነበር። ይሄን ሕግ ከየት አመጣኸው?»

የመርዕድ ከዘራ አየር ላይ ቀረ። ሴት አትወርስም? ሰዎቹ አባት ስለቆጠሩ የራሱ ሰዎች መስለውት፣ የመንዝን ሕግ አንሥቶ፣ ማንም ሳይለምነው፣ ዌልስ ድረስ ተሸክሞላቸው ሄዷል። በእናት በኩል የሚቆጠር ነገር በሌለበት አገር ለማሬድ ጠበቃ ቆሟል።

«ሴት አትወርስም?» አለ በመጨረሻ፣ ቀስ ብሎ። «ምን ዓይነት አገር ነው!»

«እኔም ብዙ ጊዜ ብዬዋለሁ» አሉ ኔስታ። «እና አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ መስኮቱ። ከአንዱ የተቀባ መስኮት ኋላ የነበረው የኔ መኝታ ቤት ነው። ልጅ ሆኜ ደጅ ወጥቼ ክፍሌን ስፈልግ፣ ጥቁር የቀለም መስታወት አገኘሁ። እጄን አውለበለብኩለት። ውስጥ ያለችው እኔ አላየችኝም። ሌባ ነበርን ወይ፣ አላውቅም። ጨለማ ውስጥ ግን ነበርን። ከጦርነቱ በኋላ ጣሪያውን ሻጋታ በላው፤ አባቴ የውርስ ግብሩን መክፈል ሲያቅተው አዳራሹ ተፈትቶ ተሸጠ፤ የቀረውን በፈንጂ አፈረሱት። ሃዌልም አልበላውም፣ ኤድኒቬድም አልበላውም።»



«ማዳም አሸንፋለች» አለ ዳኛው። «ሽንት ቤቱ በየት ነው?»

ጭብጨባው ጣሪያውን ያናጋው ነበር፤ ጣሪያው ብዙ ያየ ባይሆን። መርዕድ ግን የሰማው ፍርዱን ብቻ ነው። ተረታ። በሽንት ቤት ፈላጊ ፊት፣ በአባቱ ከዘራ፣ ተረታ። ወንበሩ ሄደ፤ ፓርክ ሮያል፣ ፌርማታ፣ በመስታወት እጅ መንሣት። አንገቱን ደፍቶ ኩታውን ማጠፍ ጀመረ።

ሃሪየት እየሮጠች መጣች፤ ዓይኖቿ እንባ አቅርረዋል። «ድንቅ! ድንቅ ነው! ያቺን ሴት ከየት አገኘሃት? ዳኛው ደግሞ! በየወሩ እናድርገው! ወንበርህ እንዳለ ነው፣ ካሜራውን እርሳው።»

«ተረትቻለሁ እኮ» አለ መርዕድ።

«ማን እንዳሸነፈ ምን ለውጥ አለው?»

መርዕድ በዚህ አገር ብዙ የሚያስደነግጥ ነገር ሰምቷል። እንደዚህ ያለ ግን ሰምቶ አያውቅም።

አልታየሽ ማታ ሁሉንም ሰምታ እስክትጨርስ ራት ቀዘቀዘ። መጀመሪያ እጇን ወደ ላይ ዘርግታ «ተመስገን» አለች፤ ማታ ማታ ባሏን ልታገኘው ነው። ከዚያ ግን መሳቅ ጀመረች፤ ሳቋ እስኪያማት። «አባትህ ዕድሜ ልካቸውን ተሟግተው፣ ረትተው፣ መሬት አጡ። አንተ ተረትተህ ወንበር አገኘህ። በየወሩ ልትረታ!»

«በየወሩ እረታለሁ ያለሽ ማን ነው?»

«ሴት አትወርስም ብለውሃል አይደል? ምን ቀረህ?»

«ጸጥ በይ፣ እያሰብኩ ነው።»

በሳምንቱ፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ መርዕድ አንድ ብልቃጥ ማር በፌስታል አንጠልጥሎ ብሪክስተን ወረደ። የተረታ ሰው የፍርዱን ማር ራሱ ነው አሸናፊው ደጅ የሚያደርሰው። ሊፍቱ ተበላሽቷል፤ የሃዌል ዘር ካውንስልም እንደ መርዕድ ካውንስል ነገር በጥሞና ይመለከታል ማለት ነው። ኔስታ በሩን ከፍተው ወደ ኩሽና አስገቡት። ኩሽናው መስኮት የለውም። መስኮት ሊሆን በሚገባው ግድግዳ ላይ ግን፣ ነጭ ጠርዝ ያለው፣ ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ጠርዙ የተሸራረፈ ትልቅ ሰሌዳ ተደግፏል። መርዕድ አየውና ደንግጦ ቆመ።

«እሱ ነው?»

«የኔው ነው። ሲያፈርሱት አባቴ እሱን ብቻ አስቀረልኝ።» ማሩን ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሱት፤ ወደ አምፖሉ ማለት ነው። «ንጹሕ ነው?»

«ይቅመሱት።»

በማንኪያ ቀመሱ። ጊዜ ወሰዱ። ዳኛም ይህን ያህል አልቆየም።

መርዕድ ኮቱን ሳያወልቅ ከዘራውን ጨበጠ። «ማዳም፣ ይግባኝ ብያለሁ።»

«በምን ላይ?»

«ሕጋችሁ ሴት አትወርስም ካለ፣ በሃዌልና በእርስዎ መካከል ስንት ሴት አለ? የሐረጉን ወረቀት አይቼዋለሁ። አባትዎን ያወረሰችው ሴት አያትዎ ናት። ቤቱ ወደ እርስዎ የመጣው በእሷ በኩል ነው። ስለዚህ ወይ ማሬድ ትወርሳለች፣ ወይ እርስዎም አይወርሱም። ይጠየቁ!»

ኔስታ ማንኪያውን አስቀመጡ። ከዚያ የተቀባውን መስኮት አዩት፤ መርዕድን አዩት።

«ብትረታኝስ ምን ታደርገዋለህ?» አሉ። «ቤቱ እኮ የለም።»

«የአባቴም መሬት የለም» አለ መርዕድ። «ድርሻው ግን አለ።»

አሮጊቷ ወንበር ሳቡለት፤ ሁለተኛ ማንኪያ አወጡ። «ቁጭ በል» አሉ። «በወሩ እሁድ ሙዚየም እስክንገናኝ ማሩ የኔ ነው፤ ቅመስ ስልህ ግን ትቀምሳለህ።»